ከዓይንና ከቢዩሬት የቱ ይቀድማል?

በመጀመሪያ ዓመት የኮሌጅ ኬሚስትሪ ላብራቶሪ ግድግዳ ላይ ሁለት ወረቀቶች ይለጠፋሉ። አንደኛው በእንግሊዝኛ የተተየበ የደኅንነት ደንብ ነው፤ መነጽር አድርጉ፣ ጋውን ልበሱ፣ ምንም ነገር አትቅመሱ፣ አትሩጡ ይላል። ሁለተኛው በአማርኛ፣ በወፍራም ማርከር የተጻፈ ነው፤ «ዕቃ የሰበረ ይከፍላል» ይላል። ተማሪው አንደኛውን ይፈርምበታል፤ ሁለተኛውን ያነበዋል። ይህ ጥናት በሁለቱ ወረቀቶች መካከል ያለውን ርቀት ለመለካት የተደረገ ትሑት ሙከራ ነው።

ስለ ጥናቱ ዘዴ ጥቂት እንበል። መረጃው የተሰበሰበው በማየት፣ በመስማትና ከሩቅ በማሽተት ነው። መጠይቅ አልተበተነም፤ ቢበተን ኖሮ አንዱ ሞልቶት ሌሎቹ ይገለብጡት ነበርና ውጤቱ የአንድ ሰው አስተያየት ብቻ ይሆን ነበር። ጥናቱ የትኛውንም ዩኒቨርሲቲ በስም አይጠራም። ሁሉም ዩኒቨርሲቲ የጎረቤቱ ነገር ነው ብሎ እንዲያነበው ታስቦ ነው።

ከጋውን እንጀምር። ጋውን በሳይንሱ ትርጓሜ ፍንጣቂ ቆዳ ላይ ሳይደርስ የሚያስቀር፣ አደጋ ሲደርስም ባንዴ ተወልቆ የሚጣል ልብስ ነው። በላብራቶሪው ትርጓሜ ግን የመግቢያ ትኬት ነው። ጋውን ያለው ይገባል፤ የሌለው ኮሪደር ላይ ቆሞ ቀድሞት የገባው ሴክሽን እስኪወጣ ይጠብቃል። ከዚህ የተነሣ አንድ ጋውን በአንድ ቀን ሦስቴ ላብ ይገባል፤ ባለቤቱ ግን አንዴ። ጋውኑ ከሲኒየር ወደ ፍሬሽ፣ ከፍሬሽ ወደ ሌላ ፍሬሽ ሲተላለፍ የተጠራቀሙት ቀዳዳዎችና ነጠብጣቦች የቀደሙት ትውልዶች ሥራ መዝገብ ናቸው፤ ከላብ ሪፖርቶቻቸውም ይልቅ የሚታመኑ ናቸው።

የጋውኑን ኪስ በተመለከተ ሊቃውንቱ አልተስማሙም። ደንቡ ምግብ ወደ ላብራቶሪ አይግባ ይላል። ተማሪዎቹ ደግሞ ቆሎ ምግብ አይደለም፣ ጊዜ ማሳለፊያ ነው ይላሉ። ክርክሩ እልባት እስኪያገኝ ድረስ ቆሎው እዚያው ኪስ ውስጥ፣ ከጓንቱ ጋር ይቆያል። ጓንቱም የሚወልቀው ቆሎውን ለመዝገን ነው፤ አንዳንዴ ለዚያም አይወልቅም።

ጋውን ከላብራቶሪ ውስጥ ይልቅ ከላብራቶሪ ውጭ ብዙ ሰዓት እንደሚያገለግልም ተስተውሏል። በካፌ ወረፋ፣ በዶርም በር፣ ከሁሉም በላይ ወደ ቤት በሚላክ ፎቶ ላይ ይታያል። በፎቶው ልጁ ሐኪም ይመስላል፤ ልጁም ቤተሰቡን አያርምም።

እዚህ ላይ ግን ሽሙጡ ትንሽ ይቆም። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 29 ቀን 2008 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ፣ ሼሪ ሳንጂ የተባለች የ23 ዓመት የምርምር ረዳት አየር ሲነካው የሚቀጣጠል ኬሚካል በሲሪንጅ ስትቀዳ ሲሪንጁ ተፈታባት። ጋውን አልለበሰችም ነበር። የለበሰችው ሹራብ ሰው ሠራሽ ክር ነበርና እሳቱ ያዘው። ከ18 ቀን በኋላ ሞተች። በጀማሪ ላብራቶሪ እንዲህ ዓይነት ኬሚካል አይሰጥም። ሹራቡ ግን ያው ሹራብ ነው፤ ሰው ሠራሽ ክር ሲቃጠል ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ኮሪደር ላይ ለሚጠብቀው ተማሪ ይህን የነገረው ሰው ስለመኖሩ ጥናቱ ማስረጃ አላገኘም።

ወደ መነጽሩ እንለፍ። በላብራቶሪ ውስጥ ስሙ አዘውትሮ የሚጠራው ሳይንቲስት ሮበርት ቡንሰን ነው። ስሙን የያዘው ምድጃ፣ ቡንሰን በርነር፣ እ.ኤ.አ. በ1855 በሃይደልበርግ ዩኒቨርሲቲ ከመካኒኩ ፒተር ዴሳጋ ጋር የሠራው ነው። ቡንሰን ገና በወጣትነቱ የአርሴኒክ ውሁዶችን ሲያጠና ዕቃው ፈንድቶ የቀኝ ዓይኑን ብርሃን አጥቷል። እንግዲህ በየቀኑ በአንድ ዓይና ሰው ስም እየማልን እሳት እንለኩሳለን፤ መነጽሩን ግን ግንባራችን ላይ እንሰቅለዋለን። የግንባሩ አለባበስ በብዛት የታየው ነው። ሁለተኛው የአንገት አለባበስ ነው። ሦስተኛው፣ የመሳቢያ አለባበስ የምንለው፣ መነጽሩ እንዳይጫር ተቆልፎበት የሚቀመጥበት ነው። ጥበቃው አስተማማኝ ነው፤ የተጠበቀው ግን መነጽሩ ነው።

ዓይን ውስጥ ኬሚካል ቢገባ ደንቡ ወዲያው የዓይን ማጠቢያው ጋ ሄዶ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ያለማቋረጥ መታጠብ ነው ይላል። በአሜሪካ ስታንዳርድ ማጠቢያው በየሳምንቱ እየተከፈተ መፈተሽ አለበት። በእኛ በኩል ማጠቢያው አለ፤ ውሃው በፈረቃ ነው። ከጎኑም በርሜልና አንድ ጆክ ይቀመጣል። በጆክ የ15 ደቂቃ ያልተቋረጠ ፍሰት ለማግኘት ስንት ጓደኛ እንደሚያስፈልግ ገና አልተሰላም። እስከዚያው ድረስ አደጋዎች ሁሉ ውሃ በሚመጣበት ቀን እንዲደርሱ ፕሮግራም ቢወጣላቸው መልካም ነው።

የጋለ ብርጭቆና የቀዘቀዘ ብርጭቆ መልካቸው አንድ ነው። ሁለቱን ለመለየት በስፋት የሚሠራበት መሣሪያ ጣት ነው።

ስለ ማሽተት የወጣው ደንብ ልዩ ትኩረት ይፈልጋል። ጠርሙሱን አፍንጫችሁ ሥር አትደቅኑ፤ ራቅ አድርጋችሁ ያዙና ሽታውን በእጃችሁ ወደ ራሳችሁ አራግቡ ይላል። የውጭ መማሪያ መጻሕፍት ይህን ለማስረዳት ሥዕል ይሥላሉ፣ ቀስት ያሰምራሉ። የእኛ ተማሪ ግን ከሕፃንነቱ ሠልጥኖበታል። ቡና ተቆልቶ ምጣዱ በእንግዶች ፊት ሲዞር ጭሱን በመዳፉ ወደ አፍንጫው እየሳበ ያላደገ ማን አለ? ይኸው የሠለጠነ ልጅ ታዲያ ላብራቶሪ ሲገባ የአሞኒያውን ጠርሙስ ከፍቶ አፍንጫውን ይከትበታል። ምክንያቱን ስንመረምር ያገኘነው አንድ ልዩነት ብቻ ነው፤ ቤት ውስጥ እናት ታያለች።

መቅመስ ፈጽሞ ክልክል ነው። የዚህ ደንብ ተቃዋሚዎች ግን ጠንካራ ማስረጃ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ መጨረሻ ኮንስታንቲን ፋልበርግ በአሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ሲሠራ ውሎ፣ እጁን በቅጡ ሳይታጠብ እራት ሲቀርብ ዳቦው ጣፈጠው፤ ሳካሪን ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1937 ማይክል ስቬዳ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ሲጋራውን የሥራ ጠረጴዛው ላይ አሳርፎ መልሶ ቢያነሣው ጣፈጠው፤ ሳይክላሜት ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1965 ጄምስ ሽላተር ወረቀት ለማንሣት ጣቱን ቢልስ ጣፈጠው፤ አስፓርቴም ተገኘ። ስኳር የሌለው ለስላሳ ጠጪ ሁሉ እጃቸውን ያልታጠቡ ሰዎች ባለዕዳ ነው።

በተቃራኒው ወገን የሚጠቀሰው ስዊድናዊው ካርል ሼል ነው። ኦክስጅንንና ክሎሪንን ያገኘው ይህ ሰው የሚሠራበትን ነገር መቅመስ ልማዱ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1786፣ በ43 ዓመቱ ሞተ። የቀመሳቸውና የተነፈሳቸው መርዞች ዕድሜውን ሳያሳጥሩት እንዳልቀሩ ይታመናል። ነገር ግን ጣፋጩን ግሊሰሪን ያገኘውም እሱ ነውና ማስረጃው ለሁለቱም ወገን እኩል ይመሰክራል። ለጀማሪ ተማሪ የምንለው ይህን ያህል ነው፤ አራቱም ሰዎች ላብራቶሪ የገቡት ለማርክ አልነበረም።

አሲድን ወደ ውሃ እንጂ ውሃን ወደ አሲድ አታፍስሱ የሚለው ደንብ ከሁሉም የታወቀ ነው። ያልተበረዘ ሰልፈሪክ አሲድ በሚሊሊትር 1.84 ግራም ገደማ ስለሚመዝን ከውሃ ይከብዳል፤ ውሃ ሲገናኘውም ብርቱ ሙቀት ይወጣል። ውሃው ከላይ ሲጨመርበት እዚያው ላዩ ላይ ፈልቶ አሲዱን ይዞ ይረጫል። ይህን ፈተና ላይ የሚስት ተማሪ የለም። የሚያስቸግረው የትኛው ውሃ፣ የትኛው አሲድ እንደሆነ ማወቁ ነው። ሁለቱም ወለል ያሉ፣ ቀለም የሌላቸው፣ ሁለቱም በተለምዶ ሃይላንድ በምንለው የፕላስቲክ ጠርሙስ የተቀመጡ ናቸው፤ የተጻፈባቸውን ማርከር ደግሞ እርጥብ እጅ አጥፍቶታል።

የተረፈ ኬሚካል ወደ ጠርሙሱ አይመለስም የሚለው ደንብ ደግሞ ከቤት አስተዳደግ ጋር ይጋጫል። የተረፈን መድፋት ነውር መሆኑን እየሰማ ያደገ ልጅ፣ ሁለት ጠብታ ከሚደፋ ይልቅ ሙሉ ብልቃጥ ሬኤጀንት መበከልን ይመርጣል። ልጁ ጨዋ ነው፤ ሬኤጀንቱ ግን አበቃለት።

ወደ ዋናው ሥርዓት፣ ጠብታ በጠብታ እየጨመሩ የአሲድን መጠን ወደ መለካቱ፣ ወደ ታይትሬሽን፣ ደርሰናል። ደንቡ እያንዳንዱ ተማሪ በእጁ እንዲሠራ ይጠብቃል። ጠብታው የሚወርድበት የመስታወት ቱቦ፣ ቢዩሬቱ፣ አንድ ነው፤ ግሩፑ ብዙ ነው። ስለዚህ የሥራ ክፍፍል ይፈጠራል፦ አንዱ ሠሪ ነው፤ አንዷ ጻፊ ናት፤ አንዱ በተከለከለው ስልኩ ሰዓት ይይዛል፤ አንዱ የመጣው አቴንዳንስ ለመፈረም ነው። የቀረው አጽናኝ ሲሆን ሥራው «አይዞህ፣ ትንሽ ጨምር» ማለት ነው። ቀለም ቀያሪው ጠቋሚ፣ ፊኖልፍታሊን፣ ፒኤች 8.2 አካባቢ ሲደርስ ሮዝ መሆን ይጀምራል፤ የሚፈለገውም ለ30 ሰከንድ ያህል የማይጠፋ፣ ነጭ ወረቀት ሥር ካልተነጠፈ የማይታይ እጅግ ፈዛዛ ሮዝ ነው። መጨረሻው አካባቢ ግማሽ ጠብታ እንኳ ዋጋ አላት። አጽናኙ ይህን አያውቅም። «ጨምር» ባለ ቁጥር ሠሪው ቧንቧውን ይከፍታል፤ ፍላስኩ ከሩቅ በሚያስታውቅ ደማቅ ሮዝ ይሞላል፤ ግሩፑም ቀለሙ አምሮ ስለመጣ ይደሰታል።

በዚህ ጊዜ ጋሼ ይመጣሉ። ጋሼ የላብራቶሪው ቴክኒሺያን ናቸው፤ በወገባቸው የቁልፍ ዘለላ ይዘዋል፤ የተሰነጠቀውን ቢዩሬት ከደህናው በድምፁ ይለያሉ። አያያዙን አይቶ ጭብጦውን ቀማው እንደሚባለው፣ የልጁን አያያዝ አይተው ቢዩሬቱን ከእጁ ይወስዱና «ልጄ፣ ጣት ይሽራል፤ ቢዩሬት ግን በዶላር ነው የሚገባው» ይላሉ። ሊፈረድባቸው አይገባም። ለስንቱ ሴክሽን የቀራቸው ደህና ቢዩሬት ስንት እንደሆነ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። ቢዩሬቱ ሲሰበር ጥያቄው የሚመጣው ወደ እሳቸው ነው፤ ጣት ሲቆረጥ ግን ወደ ክሊኒክ ይኬዳል።

የላብ ሪፖርቱ የሚጻፈው ማታ፣ ዶርም ውስጥ፣ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ነው። የሚጠበቀው መልስ 25.00 ሚሊሊትር ከሆነ፣ ደማቁ ሮዝ ፍላስክ በሪፖርቱ ላይ 24.98፣ 25.01 እና 25.02 ሆኖ ይመዘገባል። ለቀረችው ትንሽ ልዩነት «የሰው ስህተት» የሚል ምክንያት ይሰጣል፤ ሰውዬው ማን እንደሆነ ግን ሪፖርቱ አይገልጽም። ጥናቱ አጽናኙን ይጠረጥራል።

ዓመቱ ሲያልቅ ተማሪው ክሊራንስ ይዞ ይዞራል። ቤተ መጻሕፍት ይፈርማል፣ ዶርም ይፈርማል፣ ካፌ ይፈርማል፣ ላብራቶሪም ይፈርማል። ላብራቶሪው ከመፈረሙ በፊት መዝገቡን ገልጦ የጎደለ ቴስት ቲዩብ፣ የተሰበረ ቢከር፣ ያልተከፈለ ፒፔት መኖሩን ያጣራል። የሁለት ተማሪ ስም ተምታቶ ለአንድ ፍላስክ ሁለቴ የተከፈለበት ጊዜ መኖሩን ከታማኝ ምንጮች ሰምተናል፤ ፍላስኩ ግን አሁንም አንድ ነው። ተማሪው ሲገባ ሁለት ዓይንና ዐሥር ጣት ይዞ መግባቱን የሚያሳይ መዝገብ የለም፤ ሲወጣም የሚቆጥረው የለም። የሚመለከተው ክፍል ቅጹን በድጋሚ ሲያሳትም ከቢዩሬቱ ሥር አንዲት መስመር እንዲጨምር በትሕትና እንጠይቃለን፤ ወረቀቱ ቦታ አለው።