ፒያሳ ላይ መጥፋት አይቻልም

ከፋሲል ግቢ እስከ ጎንደር ፒያሳ ጥቂት ደቂቃ የእግር መንገድ ነው። መጥፋት ስለማይቻል አስጎብኚ የግድ ያስፈልጋል።

ግቢው 12 በሮች አሉት። እኔ በአንዱ ብቻ ስወጣ ሦስት መንገድ መሪዎች ጠበቁኝ፤ የቀሩት 11 በሮችም ባዶ እንዳልዋሉ አምናለሁ። «ሀሎ ማይ ፍሬንድ!» አለኝ ፈጣኑ። የደብረ ታቦር ልጅ መሆኔን በአማርኛ ባስረዳው አላመነም፤ ካሜራዬ ከአፌ ይልቅ ታማኝ ምስክር ነበር።

ፒያሳ ስንደርስ ጣሊያን በወረራው ዘመን የሠራውን ፖስታ ቤት አሳየኝ። «አፄ ፋሲል ደብዳቤ የሚልኩበት ነበር» አለ። አንድን ሕንፃ በአንድ ዓረፍተ ነገር 300 ዓመት ማስረጀት ቀላል ሙያ አይደለም። ዩኔስኮ በ1972 ዓ.ም. ግቢውን ሲመዘግብ ይህን ቅርስ እንዴት እንደዘነጋው ይገርማል።

ሂሳቡን ስጠይቀው «አንተማ ወንድሜ ነህ፤ የፈለግኸውን» አለ። የፈለግሁትን ሰጠሁት። የፈለግሁት ግን የሚፈለገው አልነበረም፤ ወንድምነታችን እዚያው ፖስታ ቤት በር ላይ አበቃ።

አሁን ወደ ግቢው ልመለስ ነው። መንገዱን የሚያሳየኝ ሌላ ወንድም ተገኝቷል።