በሳነቴ አምባ ላይ ጣት ስለ መቀሰር

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከመመዝገቡ በፊትም ሆነ በኋላ ሊቃውንት ስለ ዕፅዋቱ፣ ስለ እንስሳቱና ከተራሮቹ ስለሚፈልቁት ወንዞች ብዙ ጽፈዋል፤ በሚኒባስ መጥቶ ለጥቂት ሰዓታት ብቅ የሚለውና ብርዱ ሲጠናበት ወደ ጎባ ሆቴሎች የሚሰደደው ጎብኚ ግን ተገቢውን ትኩረት ሳያገኝ ቆይቷል።

ጎብኚ በሁለት ዐበይት ወገኖች ይከፈላል፤ ቀይ ቀበሮ ያየና ቀይ ቀበሮ ያላየ። ያየው ወገን ስለ ራሱ በቂ ስለሚናገር ጥናት አያሻውም። ያላየው ወገን ደግሞ “ሌላ ጊዜ እንመጣለን” ባይ፣ “ድሮም ለአየሩ ነው የመጣነው” ባይ እና “የቱ ጋ?” ባይ ተብሎ በሦስት ይመደባል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በየመዝናኛው የሚገኙ ተራ ዝርያዎች በመሆናቸው እዚህ ይታለፋሉ።

“የቱ ጋ?” ባይ ማለት የመኪናው ሰው ሁሉ ቀበሮውን አይቶ እርሱ ብቻ ያላየው ጎብኚ ነው። ለችግሩ መነሻ የሚሆነው መልክዓ ምድሩ ነው፤ ሳነቴ ከባሕር ወለል በላይ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ዛፍ አልባ አምባ በመሆኑ፣ ጠቋሚው፣ ማለትም ቀድሞ ያየውና ጣቱን የቀሰረው ሰው፣ ለምልክትነት የሚያገኘው ድንጋይ ብቻ ነው። “ከድንጋዩ በስተቀኝ” ይላል። “የቱ ድንጋይ?” “ትልቁ።” “ትልቁ የትኛው ነው?” “ከትንሹ ቀጥሎ ያለው።” አንዳንድ የተማሩ ጠቋሚዎች ይህን ለማሻሻል የሰዓት አቅጣጫን ሞክረው “በ3 ሰዓት በኩል” ቢሉም፣ “በሀበሻ ነው በፈረንጅ?” የሚል ጥያቄ ስለ ተነሣባቸው ወደ ድንጋዩ ተመልሰዋል።

ጥፋቱ በእንስሳው ሊሳበብ አይችልም። ቀይ ቀበሮ የሚያድነው በቀን፣ አብዛኛውን ጊዜም ብቻውን ነው፤ ከፍልፈል ጉድጓድ አፍ ላይ ሳይነቃነቅ ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚቆም ለጠቋሚውም ለተጠቆመለትም በቂ ፋታ ይሰጣል። በዓለም ላይ የቀሩት 500 ያህል ብቻ ሆነው ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በባሌ የሚገኙ በመሆናቸውም፣ አንዱን በድንጋይ ክርክር ማሳለፍ ቀላል ኪሳራ አይደለም።

የ“የቱ ጋ?” ባይ ሕመም በየደረጃው ይጸናል። በመጀመሪያ ይጠይቃል፤ ቀጥሎ አንድ ወዳጁ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዞ ያዞርለታል፤ ከዚያ ባይኖኩላር ይሰጠውና የገዛ ሽፋሽፍቱን በጥራት ይመለከታል። በመጨረሻም ሰው ማስቸገሩ አሳፍሮት “አዎ፣ አዎ፣ አየሁት” ይላል። ይህ አነጋገር በዚህ ጥናት “የይሉኝታ አዎ” ተብሏል። እውነተኛውን ከዚህ ለመለየት አስተማማኙ ምልክት፣ በእርግጥ ያየ ሰው “ውይ!” ሲል የይሉኝታው ባለቤት “ያምራል” ማለቱ ነው። በዚህ ሁሉ መካከል ከባሌ በቀር በዓለም የትም የማይገኘው ግዙፉ ፍልፈል ከመኪናው ጎማ አጠገብ አንገቱን አውጥቶ ይመለከታል፤ ለእርሱ ጣቱን የቀሰረ የለም።

ደጋ አጋዘን፣ በሌላ ስሙ ኒያላ፣ በፓርኩ ዋና ጽሕፈት ቤት በዲንሾ ዙሪያ በግላጭ ስለሚሰማራ ጠቋሚ አይፈልግም። ኢትዮጵያዊው ጎብኚ በ10 ሳንቲም፣ በሲጋራ ፓኮና በመድን ድርጅት ስም ለዓመታት ያወቀው በመሆኑ “ለካ ሕይወት አለው” በሚል ዐይን ያየዋል።

በሐረና ደን ስለሚፈጸመው ጣት ቀሰራ ሰባት ንዑስ ክፍሎች ታስበው ነበር። ነገር ግን መንገዱ ከሳነቴ ወደ ደሎ መና ቁልቁል ሲወርድ፣ መጀመሪያ ጢም ያበቀሉት የአስታ ዛፎች፣ ቀጥሎ ኮሶውና ቀርከሃው፣ ከታች ደግሞ ማንም ያልተከለው የጫካ ቡና ተከታትለው ስለሚመጡ፣ ጃኬቱን እያወለቀ ያለው ጎብኚ ሁሉ ወደየአቅጣጫው በአንድ ጊዜ ይጠቁማልና ምደባው እዚህ ላይ ተትቷል።

ስለዚህ ወደ ሳነቴ የሚወጣ አንባቢ ወፍራም ጃኬት ይያዝ፤ ቀበሮ ሲያይም ሾፌሩ ሞተር እንዲያጠፋ ይንገረው፤ አጠገቡ ያለው ሰው “የቱ ጋ?” ካለ ድንጋይ መቁጠሩን ትቶ የመስኮቱን ወንበር ይልቀቅለት።