ኮከባቸው ገጥሟል

ሴት ልጁን ሊድር የተነሣ አባት ሰባት ቤት ይቆጥራል። አማቹ ከየት ወገን እንደሆነ ሽማግሌ ልኮ ያስጠይቃል፤ ደብተራ ዘንድ ሄዶ ኮከብ የሚያስቆጥርም አይጠፋም። ይህ ሁሉ ልፋት ለጋብቻ ነው፤ ጋብቻ ደግሞ ቢበላሽ ይፈታል። ቁልቁለት ላይ በሰማንያ የሚበር መኪና ለሚይዝ መሪ ግን ይህ ሁሉ ጣጣ አያስፈልግም። መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ወርዶ «ይገባል?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። «ይገባል።» አለቀ፤ ኮከባቸው ገጠመ።

እኔ ይህን ጥበብ የተማርኩት ዘግይቼ ነው። የቪትዜ መሪ ኳ ኳ ማለት ሲጀምር መካኒኬ «ራኩ አልቋል፣ ያገለገለ እንፈልግ» አለኝ። ራክ ማለት መሪውን ስናዞር በታይሮድ በኩል የፊት ጎማዎቹን የሚገፋና የሚስብ ረጅም ብረት ነው። እኔም እንደ ሞኝ የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬዬ ላይ በወረቀት ገልብጬ ሄድኩ። ሻጩ ወረቀቱን ተቀበለኝ፣ አየው፣ ከዚያም የእጁን ግራሶ ጠረገበት።

«ጋሼ፣ ቪትዝ ቪትዝ ነው።»

ምን ዓይነት ሊቅነት ነው! ቶዮታ ይህን የሚነግረው አጥቶ ስንት ዓመት ደከመ። ቪትዝን እ.ኤ.አ. በ1999 አወጣ፣ በ2005 ሁለተኛ ትውልድ፣ በ2010 ደግሞ ሦስተኛ አደረገ፤ አንዷን ኤስሲፒ10፣ ሌላዋን ኬኤስፒ90 እያለ ኮድ ሰጠ። መሪው በዘይት የሚታገዝ መኪና አለ፣ በኤሌክትሪክ የሚታገዝም አለ፤ የራኩ ርዝመት ይለያያል፣ የዘንጉ ጥርስ ብዛት ይለያያል። በአንድ ቃል ለሚያልቅ ነገር ይህን ያህል ወረቀት ማባከን!

መለኪያ የለም እንዳይባል፣ ስንዝር አለ። ልጁ የእኔን አሮጌና የእሱን ዕቃ ጆንያ ላይ ጎን ለጎን አጋድሞ ሰነዘረ። የእሱ በሁለት ጣት በለጠ። «ሲጠብቅ ይስተካከላል» አለ። ብረት ሲጠብቅ እንደሚያጥር ያን ቀን ገባኝ። የዘንጉን ጥርስ ልቆጥር ሳጎነብስ ደግሞ ከልቡ አዘነልኝ፦

«ጋሼ፣ በሬ ነው እንዴ የሚገዙት?»

ጥርሱ ጠበብ ካለ ሞረድ አለ፤ ሰፋ ካለ ከቢራ ጣሳ ቀጭን ቆርጦ መሐል መጎሰር ነው። ቢራውን ማን እንደሚጠጣውና ከሥራው በፊት ይሁን በኋላ አልነገረኝም። መካኒኬ አጠገቤ ቆሞ በእያንዳንዱ ቃል ራሱን ይነቀንቃል። አንድ ንቅናቄ ስንት ብር እንደምታወጣ የሰማሁት በኋላ ነው።

የመመለስ ነገርም ተነሣ። ካልገባ ይመለሳል፤ የተገጠመ ግን አይመለስም። እንደማይገባ የሚታወቀው ደግሞ ሲገጠም ነው። ይህን የመሰለ ውል የሚያረቅ ጠበቃ እስካሁን አልገጠመኝም።

ልከፍል ስል ግን ዓይኔ አንድ ነገር ላይ ዐረፈ። የመሪው ዘንግ የሚሰካበት አንገት ከራኩ በስተቀኝ ነው፤ የእኔ አሮጌ በስተግራ። ዕቃው ጃፓን ለጃፓን ከሠራችው የቀኝ መሪ መኪና ተነቅሎ የመጣ ነበር።

«ይሄ እኮ የቀኝ መሪ ነው!»

«ምን ችግር አለው? አዙረን እንገጥመዋለን።»

ኢትዮጵያ በ1956 ዓ.ም. ከግራ ወደ ቀኝ መንዳት ስትዛወር ይህ ልጅ ቢኖር፣ አስፋልቱን አዙረን እንገጥመዋለን ማለቱ አይቀርም ነበር። እኔ ግን ከፈልኩ። እንዴት አልከፍል? ሁለት ባለሙያ በአንድ ድምፅ «ይገባል» ብሏል፤ እኔ በእጄ ያለችው ግራሶ የጠገበች አንዲት ብጣሽ ወረቀት ናት።

ደግሞም ገባ! ሐሰት አልተናገሩም። ግማሽ ቀን ፈጀ፣ አንድ የቡሎን ቀዳዳ ሰፋ፣ ሁለት ጣሳ ተቆረጠ፣ ገባ። መካኒኬ የመኪናዋን ፊት በክሪክ እንዳነሣ ገቢና ገብቶ መሪውን ወደ ቀኝ አዞረ። ጎማዎቹ ያለ አንዳች ድምፅ፣ ቅቤ በመሰለ ልስላሴ፣ ወደ ግራ ዞሩ። ወደ ግራ አዞረ፤ ወደ ቀኝ ሄዱ። ራክ ፊትና ኋላው ሲገለበጥ የሚገፋው የሚስብ፣ የሚስበውም የሚገፋ ይሆናል።

በመስኮት አየኝ። እኔም አየሁት። ኳ ኳታው እንደሆነ በእርግጥ ጠፍቷል።

«ጋሼ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «ሁለት ሦስት ቀን ያስቸግርዎት ይሆናል እንጂ ይለምዱታል።»