ሦስት ስም ያላት ቦታ

ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የኮድ ለውጥ መከታተያውን ጊትን ሲያስተዋውቅ «ደደብ የይዘት ተከታታይ» ብሎት ነበር። መመሪያው ዛሬም ያችን ስድብ ከስሙ ጎን እንደ ማዕረግ ይዟታል። እሷን ለማረም የቸኮለ የለም፤ ግልጽ ናታ!

የመመሪያው ቀሪ ክፍል ግን ሲታረም ይኖራል። ለውጥ ኮሚት ከመደረጉ፣ ማለትም ከመመዝገቡ በፊት የሚቆይባትን ቦታ እንውሰድ። አንዱ ገጽ «ኢንዴክስ» ይላታል፣ ሌላው «ስቴጂንግ ኤሪያ»፤ ትእዛዝ ላይ ስትደርስ ደግሞ «ካሽድ» ሆና ቁጭ። እንደ እኛው የክርስትና፣ የቤትና የመታወቂያ ስም አላት። አራሚው አንዱን መርጦ ሌላውን እንዳይሰርዝ፣ የስንቱ ሰው የቆየ ስክሪፕት ሊሰበር ነው። ስለዚህ «ስቴጅድ» ማለት «ካሽድ» ማለት ነው የሚል መስመር ይጨመራል። ታረመ ይባላል። (እኔማ የገባኝ ባልደረባዬን ጠይቄ ነው።)

«ቼክአውት» የሚባለው ትእዛዝም ሁለት ሥራ ደርቦ ሰው ሲያደናግር ስለኖረ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 «ስዊች» እና «ሪስቶር» የሚባሉ ትእዛዞች ሊገላግሉን መጡ። መመሪያቸው ግን ትእዛዙ ለሙከራ ነው፣ ጠባዩ ሊለወጥ ይችላል እያለ ለዓመታት ሲያስፈራራን ከረመ። «ቼክአውት»ም ጡረታ አልወጣ፤ ሦስቱም በሥራ ላይ ናቸው።