የባዮሎጂ እውቀት የሕይወት ዑደት፦ በአንድ ተማሪ ላይ የተደረገ ጥናት

የባዮሎጂ እውቀት በሁለተኛ ደረጃ ተማሪ አካል ውስጥ ምን ያህል ጊዜ ይቆያል? በየት ገብቶ በየት ይወጣል? ይህን ለማወቅ በባሕር ዳር ከተማ አንድ ጥናት ተካሂዷል። ተጠኚው የአጥኚው ታናሽ ወንድም ነው። የተመረጠው በዕጣ አይደለም፤ ከአጥኚው ጋር አንድ ክፍል ስለሚያድር ነው። ፈቃዱ አልተጠየቀም።

«በአንድ ሰው ላይ ብቻ ጥናት ይሠራል ወይ?» ለሚሉ መልስ አለን። ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ የሰው ልጅ የሸመደደውን በምን ፍጥነት እንደሚረሳ ያሳየበትን ሥራ በ1885 እ.ኤ.አ. ሲያሳትም ያጠናው ራሱን ብቻ ነበር። ለዚሁ ብሎ ትርጉም የሌላቸው አጫጭር ቃላት እየፈጠረ ይሸመድድ ነበር። የእኛ ተጠኚ እንኳ በዚህ አልተቸገረም። «ኢንዶፕላስሚክ ሬቲኩለም» የሚለውን ተዘጋጅቶ ከመማሪያ መጽሐፉ ላይ አግኝቶታል።

የእውቀቱ ዋና መኖሪያ ደብተር ነው። አጥኚው የተጠኚውን የባዮሎጂ ደብተር በእጁ ይዞ ያየ ሲሆን፣ ንጽሕናው የሚያስደንቅ ነው። ርእሶቹ በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮባቸዋል። የሴሉ ሥዕል ከነስያሜ መስመሮቹ በማስመሪያ የተሠራ ነው። በአንድ ገጽ ላይ ብቻ «ማይቶኮ» የሚል ቃል ሳያልቅ በነጥብ ተዘግቷል። ምክንያቱ ሲጣራ፣ መምህሩ እዚያ ላይ ሲደርሱ ጠመኔው ተሰብሮባቸው ሌላ ፍለጋ ወጥተው እንደነበር ታውቋል። ተጠኚው ያየውን በታማኝነት ጽፏል። ሳይንስም የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

የልብ ሥዕል የተለየ ክብር ተሰጥቶት ሙሉ ገጽ ይዟል፤ ግማሹ በሰማያዊ፣ ግማሹ በቀይ። እንደሚታወቀው፣ በመጽሐፍ ሥዕል ላይ የልብ ግራ ክፍል የሚገኘው በገጹ በቀኝ በኩል ነው፤ የተሣለው ከፊታችን የቆመ ሰው ልብ ነውና። ተጠኚው የራሱን የግራ ቬንትሪክል እንዲያሳይ ሲጠየቅ ደብተሩን ገልጦ አየ፣ አመነታ፣ ከዚያም በሙሉ እምነት ቀኝ ጡቱን ነካ። ለሥዕሉ ያገኘው ውጤት አሥር ከአሥር ነው።

ቤተ ሙከራን በተመለከተ ብዙ የሚባል ነገር የለም። ማይክሮስኮፕ አለ፤ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው፤ ቁልፉ ያለው ስብሰባ የሄደ ሰው ጋ ነው። ሮበርት ሁክ በ1665 እ.ኤ.አ. የቡሽ ቅርፊት በማይክሮስኮፕ አይቶ ለሕዋስ ስም እንዳወጣ ተጠኚው ያውቃል። ተጠኚው የሁክን ማየት በቂ አድርጎ ወስዶታል።

ወደ ጥናቱ እምብርት እንግባ፤ ቢልሃርዚያ። ተጠኚው ይህን ምዕራፍ በፈተናው ዋዜማ ሌሊት፣ እግሩን ውኃ በሞላ ሳፋ ነክሮ ሸምድዶታል፤ እንቅልፍ እንዳይወስደው ነው። በማግስቱም እንከን የሌለው መልስ ጻፈ። የትሉ እንቁላል ከሰው ዐይነ ምድር ጋር ወደ ውኃ ይገባል፤ ተፈልፍሎ ሚራሲዲየም ይሆናል፤ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይራባል፤ ሰርካሪያ ሆኖ ይወጣና ውኃ ውስጥ የገባን ሰው ቆዳ በስቶ ያልፋል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተከማችተው ማየታቸውን፣ ከዚያ ተነሥተውም እንዶድ ቀንድ አውጣውን እንደሚገድል ማሳየታቸውን ጭምር አክሎበታል። ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ማግኘታቸውን ሳይቀር ጽፏል፤ ይህን ማንም አልጠየቀውም ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ ተጠኚው ከጓደኞቹ ጋር ጣና ዳር፣ ደንገሉ ሥር፣ እስከ ወገቡ ውኃ ውስጥ ገብቶ ሲቦርቅ ተገኘ። በጣና ዙሪያ ቢልሃርዚያ እንዳለ በገዛ እጁ ጽፎ ከሥሩ በቀይ አስምሮበታል። አጥኚው ከዳር ሆኖ «ሰርካሪያውስ?» ብሎ ቢጮህ ተጠኚው ውኃውን ከፊቱ ላይ እየጠረገ፣ «እሱማ ተፈትነን ጨረስነው!» ሲል መለሰ።

ይህ መልስ በቀላሉ መታየት የለበትም። ትሉ ዑደቱን ለመፈጸም ሰውም ቀንድ አውጣም ያስፈልጉታል። እውቀቱም እንዲሁ ከመምህሩ ደብተር ወደ ሰሌዳ፣ ከሰሌዳ ወደ ተማሪው ደብተር፣ ከዚያ በአንድ ሌሊት ወደ ተማሪው ገብቶ ጠዋት በፈተና ወረቀት በኩል ይወጣል። ልዩነቱ፣ ትሉ ባደረበት ሰው ላይ ጉዳት ትቶ ማለፉ ነው። እውቀቱ በተጠኚው ላይ ምንም አልተወም።

የቤተሰቡ ግምገማ ግን ከዚህ ይለያል። ተጠኚው ባዮሎጂ መማር ከጀመረ ወዲህ አክስቱ የወገባቸውን ሕመም የሚያማክሩት እሱን ነው። «ምን ይሻለኛል፣ የኔ ዶክተር?» ይሉታል። እሱም ጥቂት አሰብ አድርጎ «ውኃ ይጠጡ» ይላቸዋል። እስካሁን ከዚህ ምክር የተጎዳ ሰው ስላልተገኘ፣ ሕክምናው ቀጥሏል።

በሴሚስተሩ መጨረሻ መምህሩ ተማሪዎቹን ስለ ራሳቸው መሻሻል አንድ ገጽ ጽፈው፣ ወላጅ አስፈርመው እንዲያመጡ አዘዙ። የተጠኚው ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «በሴሚስተሩ በባዮሎጂ ትምህርት አበረታች ውጤት የተመዘገበ ሲሆን፣ የታዩ ውስንነቶችን በመቅረፍ በቀጣይ በትኩረት ይሠራል።» ስለ ሕዋስ፣ ስለ ልብ፣ ስለ ቀንድ አውጣ አንድም ቃል የለበትም።

አጥኚው ይህን ዓረፍተ ነገር ከዚህ በፊት ያየው መሰለውና ፍለጋ ጀመረ። ሳሎን መደርደሪያ ላይ ከተቀመጠው የተጠኚው አባት የመሥሪያ ቤት የሩብ ዓመት ሪፖርት ውስጥ፣ ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ «በባዮሎጂ ትምህርት» በሚለው ፈንታ «በመልካም አስተዳደር» የሚል ገብቶበት ተገኘ። ግኝቱ ከባድ ነው። መማሪያ መጽሐፉ እንደሚለው፣ በኑሮ የተገኘ ጠባይ ለልጅ አይወረስም፤ በዚህ ጉዳይ ላማርክ ከተረታ ቆይቷል። አባትየው ደግሞ (የአጥኚውም አባት ናቸው) ከመቀጠራቸው በፊት እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ጽፈው እንደማያውቁ እናት መስክረዋል።

አባት የልጃቸውን ገጽ ከእራት በኋላ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። ብዙ እርማት አላስፈለገውም። «ከሚመለከታቸው ባለድርሻ አካላት ጋር በመቀናጀት» የሚለው ተዘልሎ ስለነበር እሱን በኅዳግ ጨምረው ፈረሙ።