ጉዳዩ፦ የስም ካርድ ስለመመለስ

ለተከበረው የትምህርት ቤቱ የልማት ክፍል፣

በአመልካች አገር ደንብ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ራሱን «እኔ» አይልም፤ «አመልካች» ይላል። «እኔ» ሲባል ድምፅ ከፍ ይላል፣ ጠረጴዛም ሊመታ ይችላል። አመልካች ግን ኮፍያውን በእጁ ይዞ በሩ አጠገብ ቆሞ የሚናገር ሰው ነው። ይህም ደብዳቤ ከላይ እስከ ታች በአመልካች ስም ተጽፏል። አንድ ቦታ ላይ ቢያመልጠው ይቅርታችሁ አይለየው።

ይቅርታ ከተነሣ ዘንድ፣ አመልካች ስለ ክፍላችሁ ስምም ይቅርታ አለበት። «ዴቨሎፕመንት ኦፊስ» የሚለውን በልቡ ወደ አማርኛ ሲመልሰው «የልማት ጽሕፈት ቤት» ሆነበት። እሱ በሚያውቀው ልማት መንገድ ይጠረጋል፣ የውኃ ጉድጓድ ይቆፈራል። ልጁ ስድስተኛ ክፍል በገባች በሁለተኛው ወር ኢሜይላችሁ ሲደርሰው ግቢው ውስጥ የሚቆፈር ነገር ያለ መሰለው። የሚቆፈረው ኪስ መሆኑ የገባው ዘግይቶ ነው።

ኢሜይሉ ያማረ ነበር። ኦክቶበር 2024፣ ሐሙስ ጠዋት፣ በቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ፣ ከርእሰ መምህሩ ጋር ቁርስ፤ «ለጥቂት ቤተሰቦች ብቻ» ይላል። ባለቤቱ ሁለት ጊዜ አንብባ «ልጅቷ ተሸልማ ነው» አለች። አመልካች በሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር የኡበር ሾፌር ነው። ሐሙስ ጠዋት ደግሞ ሬገን አውሮፕላን ማረፊያ ጥሩ ገበያ አለው። ገበያውን ትቶ የሠርጉን ሱፍ ለበሰ። ሱፉ ከአዲስ አበባ የመጣ ነው፤ ሆዱ እዚህ የተገኘ ስለሆነ አንዱን ቁልፍ ክፍት መተው ግድ ሆነ።

በራችሁ ላይ መኪና ተቀብሎ የሚያቆመው ልጅ ሐበሻ ነበር። በዋሽንግተን አካባቢ የፓርኪንግ ሥራ ውስጥ የእኛ ሰው ብዙ ስለሆነ ይህ አያስገርምም። ልጁ መስታወቱ ላይ ያለውን የኡበር ምልክት አየና «ጋሼ፣ ሰው ለማድረስ ነው? በዚያ በኩል ያዙሩት» አለው።

«ተጋብዤ ነው።»

ልጁ ቀና ብሎ ሱፉን አየ። ከዚያ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለና የካምሪዋን በር ለአምባሳደር እንደሚከፈት አድርጎ ከፈተለት። አመልካች እስከ ዛሬ ከእናንተ ግቢ ይዞት የወጣው ክብር እሱ ብቻ ነው።

መግቢያው ላይ በማግኔት የሚያያዝ የስም ካርድ ተሰጠው። ስሙ በትክክል ተጽፏል፤ ይህ ራሱ በዚህ አገር ብርቅ ነው። ከስሙ በፊት ግን «ዶ/ር» የሚል ተጨምሯል። አመልካች የጸሐፊ ስሕተት ነው ብሎ ዝም አለ። በነጻ ዶክተር ሲያደርጉት የሚከራከር ሰው የት አለ?

ከርእሰ መምህሩ በስተግራ ሁለተኛው ወንበር ላይ አስቀመጡት። ወንበሩ ጀርባ ላይ የነሐስ ሰሌዳ ነበር፤ የሰጪው ቤተሰብ ስም ተቀርጾበታል። (አመልካች በዚህ አልተደነቀም። የደብሩ መጋረጃ ላይም የሰጪው የክርስትና ስም ይጻፋል። ልዩነቱ መጋረጃው ላይ ማንም አይቀመጥም።) ከክፍላችሁ የመጣች ወይዘሮ ከጎኑ ተቀመጠችና፣ ፈገግታዋ ሳይቋረጥ፣ «ፖቶማክ በዚህ ወቅት ቅጠሉ እንዴት ያምራል!» አለችው። ወንዙን መስሎት «አዎ፣ በተለይ ከድልድዩ ላይ» ብሎ መለሰ። እሷ ግን ሰፈሩን ነበር የምትለው፤ ሀብታሞች የሚኖሩበትን።

ቀጥላ ስለ ልብ ጠየቀችው። «ልብን የመሰለ ነገር ይዞ ለቤተሰብ ጊዜ እንዴት ይገኛል?» አመልካች አሳቢነቷ ነካው። «ልቤ ደኅና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ትንሽ ግፊት ብቻ ናት» አላት። ወይዘሮዋ ሳቀች። እሱም አብሮ ሳቀ። አንዱ ሌላው በምን እንደሚስቅ አላወቀም።

ከዚያ ርእሰ መምህሩ ተነሥተው ስለ «ክፍተቱ» ተናገሩ። የትምህርት ክፍያው፣ ሙሉውን ለሚከፍል በዓመት ከ50,000 ዶላር በላይ የሆነው፣ ትምህርት ቤቱን እስከ ማርች ብቻ ነው የሚያደርሰው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን በስጦታ ነው የምንኖረው አሉ። ሰው ሁሉ ከፊቱ የተቀመጠለትን ሰማያዊ ማኅደር ከፈተ። የአመልካች ማኅደር ውስጥ በእጅ የተጻፈ ካርድ ነበር፦ ለሦስት ዓመት፣ በየዓመቱ 50,000 ዶላር ቢያስቡበት ደስ ይለናል ይላል።

አመልካች ከቤተሰቡ የዓመት ገቢ የሚበልጥ ቁጥር በእጅ ጽሑፍ አይቶ አያውቅም። ሳቁ አመለጠው። ሰው ሁሉ ዞረ። «ይቅርታ፣ እኔ ኡበር ነው የምነዳው» አለ፣ የተናገረውም በጣም በትሕትና ነበር።

ጸጥታው ረጅም አልነበረም፤ እንደናንተ ያሉ ሰዎች ጸጥታን ማስረዘም አያውቁበትም። ወይዘሮዋ ታብሌቷን ገለጥ አድርጋ ወጣች፣ ከአንድ ወጣት ጋር ተመለሰች፣ በሹክሹክታ ተነጋገሩ። ከዚያ መጥታ «የበለጠ የሚመችዎ ጠረጴዛ አለ» አለችው። የሚመቸው ጠረጴዛ የቡናው ማፍሊያ አጠገብ ነበር። ሰማያዊውን ማኅደር ከፊቱ አንሥታ በምትኩ ፖስታ ሰጠችው፤ «አሥር ዶላርም ቢሆን ዋጋ አለው፣ ዋናው ተሳትፎው ነው» አለች። በመጨረሻም ከኪሷ ጥቁር ማርከር አወጣች። ካርዱን ከደረቱ ላይ ሳታወርድ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ በሁለት መስመር «ዶ/ር» የሚለውን ሰረዘች። ማርከሩ ሲንሸራተት በሱፉ በኩል ተሰማው።

ሲወጣ ያ ልጅ መኪናውን አመጣለት። የተሰረዘውን አየና እንዳላየ ሆነ። አመልካች አምስት ዶላር ሲዘረጋለት «ኧረ ጋሼ፣ ይተዉት» አለው። በዚያ ጠዋት ገንዘብ አልቀበልም ያለው ሰው እሱ ብቻ ነበር።

ስሕተቱ እንዴት እንደተፈጠረ አመልካች በኋላ ተረዳ፤ አልፈረደባችሁምም። ክፍላችሁ የወላጆችን ስም ለአንድ ኮምፒውተር ይሰጠዋል። ኮምፒውተሩ የቤት ባለቤትነት መዝገብ ያያል፤ በዚህ አገር ለሁሉ ክፍት ነው። ለፖለቲከኞች ከ200 ዶላር በላይ የሰጠውን ስም ያያል፤ እሱም በፌዴራል ምርጫ ኮሚሽን ይፋ ይደረጋል። ከዚህ ሁሉ ማን ምን ያህል ሊሰጥ እንደሚችል ይገምታል። ኮምፒውተሩ ያላወቀው እኛ የቤተሰብ ስም የሌለን መሆናችንን ነው። አመልካች የሚጠራው በስሙና በአባቱ ስም ነው፤ እነዚህ ሁለት ስሞች የገጠሙላቸው ሰዎች በዚህ ከተማ አንድ እድር ይሞላሉ። ከእነሱ አንዱ የልብ ሐኪም ነው፣ ፖቶማክ ቤት አለው፣ እግዚአብሔር ይባርክለት።

የሚገርመው ሌላ ነው። ከራሳችሁ በላይ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የፋይናንሻል ኤይድ ክፍላችሁ አለ። እዚያ የአመልካች ታክስ ሪተርን፣ የባንክ ወረቀቱ፣ የካምሪዋ ዕድሜ ሳይቀር ተቀምጧል፤ በዚያው መሠረት ነው የልጁ ክፍያ የተቀነሰለት። ሰውየው ፎቅ ላይ ድሃ፣ ምድር ቤት ሀብታም ነበር። በመካከላችሁ ያለው ደረጃ አሥራ ስምንት እርከን ነው፤ አመልካች ቆጥሮታል።

አሁን ፍትሕ ለማድረግ ያህል፣ የእናንተም ችግር እውነት ነው። ዊልያም ባውሞልና ዊልያም ቦወን የሚባሉ የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1966 እንዳመለከቱት፣ አራት ሰው የሚጫወተው ሙዚቃ ከመቶ ዓመት በኋላም አራት ሰው ይፈልጋል። ፋብሪካው ማሽን ገዝቶ ሠራተኛ ይቀንሳል፤ ሙዚቀኛውና መምህሩ ግን አይቀነሱም፣ ደመወዛቸው ብቻ ከሌላው ጋር ይወጣል። አሥራ አምስት ልጅ በአንድ መምህር የምታስተምሩ ሰዎች ወጪያችሁ ቢንር አይገርምም። ስጦታ ትምህርት ቤትን እንደሚለውጥም አመልካች ያውቃል፤ ራሱ በአገሩ የፊዚክስ መምህር ነበር። ኤድዋርድ ሃርክነስ እ.ኤ.አ. በ1930 ለፊሊፕስ ኤክሰተር አካዳሚ 5.8 ሚሊዮን ዶላር ሲሰጥ፣ ተማሪዎች ከመምህራቸው ጋር አንድ ሞላላ ጠረጴዛ ከበው የሚማሩበት ዘዴ መጣ። ስድሳ ተማሪ በአንድ ክፍል ያስተማረ ሰው በዚያ ጠረጴዛ ይቀናል።

ታዲያ ለምን ክፍያውን ጨምራችሁ አትገላገሉም? አመልካች ሌሊት መንገደኛ ሲጠብቅ አንብቦ ደረሰበት። ቅናሽ ለማያገኝ ሁሉ ክፍያ አንድ ነው፤ ስጦታ ግን በየኪሱ ልክ ይሰፋል። ደግሞ ክፍያ ግብር ከሚታሰብበት ገቢ አይቀነስም፣ ስጦታ ይቀነሳል። እ.ኤ.አ. በ1962 አንድ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት፣ ክፍያ በማይጠይቅ ትምህርት ቤት ሁለት ልጆች ያስተምሩ የነበሩ ወላጆች «ስጦታ» ብለው ከሰጡት ገንዘብ 400 ዶላሩ የትምህርት ዋጋ እንጂ ስጦታ አይደለም ብሎ ፈርዷል። ስለዚህ ስጦታው ስጦታ እንዲባል የግድ በፈቃድ መሆን አለበት። ማስገደድ አትችሉም። ሕጉ ግዴታን ሲከለክልባችሁ እጃችሁ ላይ የቀረው መሣሪያ እፍረት ነው።

የግብሩ ቅናሽም ያን ጊዜ ለሁሉ አይደርስም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 ባልና ሚስት ምንም ሳይዘረዝሩ 29,200 ዶላር ከገቢያቸው ይቀነስላቸው ነበር፤ የሚዘረዝረው ከዚያ በታች የሆነ ቤተሰብ ስጦታው ከግብሩ አንድ ሳንቲም አያስቀንስለትም ነበር። በዚያው ዓመት ከፍተኛው የግብር እርከን ላይ ያለ ሰው መቶ ዶላር ሲሰጥ እስከ 37 ዶላር በግብር ይመለስለት ነበር። አመልካች አሥር ሲሰጥ አሥሩም ከራሱ ኪስ ነበር።

በፈቃድ ለሚሰጥ ገንዘብ ግን አመልካች እንግዳ አይደለም። በደርግ ዘመን ለእናት አገር ጥሪ የአባቱ ደመወዝ በፈቃዳቸው ይቆረጥ ነበር። መጋቢት 2003 ዓ.ም. የህዳሴው ግድብ ሲጀመር እሱ ራሱ የወር ደመወዙን ዓመቱን ሙሉ ከፋፍሎ ቦንድ ገዛ። በስብሰባው ላይ «የማይስማማ እጁን ያውጣ» ተባለ፤ የማንም እጅ አልወጣም። ቢሆንም ቦንዱን ሲገዛ ማንም ሰው ደረቱ ላይ አልጻፈበትም፣ ልጁንም ይዞ አልጠየቀም።

የሴት ልጁን ነገር አመልካች ሊተወው ነበር። ግን ኮሪደሩ ላይ የሰቀላችሁት የቴርሞሜትር ሥዕል አለ፤ የየክፍሉ ወላጆች ስንት በመቶ እንደሰጡ በቀይ ይሞላል። መቶ የሞላ ክፍል ፒዛ ይጋበዛል። የልጁ ክፍል 93 ላይ ቆመ። ማታ መኪና ውስጥ፣ ከኋላ ወንበር፣ «አባዬ፣ የቀረነው እኛ ነን?» አለችው።

አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። የአባቷን ኪስ እንድትቆጥር ያደረጋችኋት እናንተ ናችሁ። ለፒዛ ብላችሁ! ከሀብታሙ ኪስ ሃምሳ ሺህ ለምኑ፣ መብታችሁ ነው፤ ከድሃው አሥር ዶላር የምትፈልጉት ለገንዘቡ እንዳልሆነ ግን እኔም አውቃለሁ እናንተም ታውቃላችሁ። ለትልልቆቹ ሰጪዎች «ወላጆቻችን ሁሉም ይሰጣሉ» ብላችሁ የምታሳዩት ቁጥር ለመሙላት ነው። ለዚያ ቁጥር ልጄን አሳፈራችሁብኝ። ነውር ነው። ሌላ ቃል የለኝም።

አመልካች ይቅርታ ይጠይቃል። ኮፍያውን አንሥቶ ወደ በሩ ተመልሷል።

በዚያው ሌሊት 25 ዶላር ላከ፤ ልጆቹም ፒዛቸውን በሉ። በነጋታው ከእናንተ ደረሰኝ መጣ። «በዚህ ስጦታ ምትክ ምንም ዕቃም ሆነ አገልግሎት አልተሰጠም» ይላል፤ ይህን ዓረፍተ ነገር የግብር መሥሪያ ቤቱ እንደሚወደው አመልካች ያውቃል። ደረሰኙ የሚጀምረው ግን «ውድ ዶክተር» ብሎ ነው። ካርዱ ላይ የተሰረዘው ኮምፒውተሩ ላይ አልተሰረዘም።

ስለዚህ አመልካች የስም ካርዱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዞ መልሷል። ማግኔቱ አሁንም ይሠራል። ሐኪሙ የተገኘ እንደሆነ ስሙም የአባቱም ስም ከአመልካች ጋር አንድ ስለሆነ ሌላ ማሳተም አያስፈልጋችሁም። የማርከሩን መስመር ግን በአሴቶን አትድከሙበት። የአመልካች ባለቤት ሞክራው «ዶ» ብቻ ነው የወጣችላት።

ከሰላምታ ጋር
አመልካች

አባሪ፦ አንድ የስም ካርድ
ግልባጭ፦ ለፋይናንሻል ኤይድ ክፍል፣ ሁለተኛ ፎቅ