«አብሽር» ያለችኝ አክስቴና የሰርቨራችን ሰዓት

«ገጹ አልከፈት ብሎ ይዞራል ልጄ፤ አሁንም እየዞረ ነው» አለችኝ አክስቴ በስልክ። እኔ አዲስ አበባ ቢሮዬ ተቀምጫለሁ፤ እሷ ውጫሌ፣ አምባሰል ወረዳ፣ ከሱቋ ደጃፍ ኔትወርክ ፍለጋ ቆማለች። ከጓደኞቼ ጋር የሠራነው ዌብ አፕሊኬሽን ባለሱቆች ከደሴ አከፋፋዮች ዘይት፣ ስኳርና ሳሙና የሚያዙበት ነው። «ሰርቨራችን እኮ በአማካይ በ0.2 ሰከንድ ነው የሚመልሰው እቴቴ» አልኳት። ጥቂት ዝም አለችና «አብሽር፣ እኛ ሩቅ ስለሆንን ነው» ብላ እኔኑ አጽናናችኝ።

ወሎ ያደገ ሰው ይህችን ቃል ያውቃታል። የታመመው ጠያቂውን፣ የተጎዳው የጎዳውን «አብሽር» ይላል። ለኑሮ እንደዚህ ያለ ቃል በረከት ነው። አገልግሎት ለሚሰጥ ሰው ግን አደጋ አለው፤ የሚያማርር ደንበኛ ከሌለ ጥፋቱን የሚነግርህ ማን ነው?

በጥር ለእረፍት ሐይቅ ከተማ ወደ ቤተሰቦቼ ስሄድ ላፕቶፔን ይዤ ወረድኩ። ያቺን 0.2 ሰከንድ በመጀመሪያው ማታ ወረቀት ላይ በተንኳት። ከ100 ጥያቄ 99ኙ በ0.1 ሰከንድ ቢመለሱና አንዱ 10 ሰከንድ ቢፈጅ፣ አማካዩ ያው 0.2 ይወጣል። 0.2 ሰከንድ የጠበቀ ግን አንድም ሰው የለም! አማካይ የብዙዎቹን ምቾት ለአንዱ ተጎጂ ያለብሰዋል።

ስለዚህ በየኤፒአዩ፣ ማለትም አፕሊኬሽኑ ጥያቄ በሚቀበልበት በር ሁሉ ላይ፣ መለኪያ ላስገባ ቆረጥኩ። ሥራው ሲታይ ቀላል ነው። ጥያቄው ሲገባ ሰዓት ትይዛለህ፣ መልሱ ሲወጣ ልዩነቱን ትመዘግባለህ። መሣሪያው ፕሮሜቴየስ ነው፤ በ2012 እ.ኤ.አ. ሳውንድክላውድ ውስጥ የተጀመረና ዛሬ በነፃ የሚገኝ። የተለካውን ጊዜ በሂስቶግራም፣ ማለትም ከ0.1 በታች፣ ከ0.5 በታች፣ ከ1 ሰከንድ በታች እያለ በየቋቱ ይቆጥረዋል። ከዚያ 99ኛውን ፐርሰንታይል ታወጣለህ፤ ከ100 ጥያቄ 99ኙ በዚያ ጊዜ ውስጥ ተመልሰዋል፣ የቀረው ከዚያም በላይ ጠብቋል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት። የአክስቴን ጥበቃ ለይቼ ለማየት ጓጉቼ በእያንዳንዱ ልኬት ላይ የባለሱቁን ስልክ ቁጥር ሌብል አድርጌ ለጠፍኩ። 20 ኤፒአይ፣ 12 ቋት፣ 3,000 ባለሱቅ፤ ሲባዛ 720,000 የተለያየ መስመር ይሆናል፤ እያንዳንዱም ሜሞሪ ይይዛል። ጠዋት ሐይቁ ዳር ወርጄ የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበትን ደን እያየሁ ሳለ ስልኬ ጮኸ። መለኪያውን ከአፕሊኬሽኑ ጋር አንድ ማሽን ላይ ስለጫንኩት ሜሞሪውን ጨርሶ ሁሉንም ይዞ ወድቋል። የገበያ ቀን ነበር።

እዚያው ዳር አንድ ዓለት ላይ ተቀምጬ አገልግሎቱን በስልክ እያስነሳሁ ውኃውን አየሁት። የሐይቅ ሐይቅ ወንዝ ይገባበታል እንጂ የሚወጣለት ወንዝ የለውም፤ ልክ የሚያስይዘው ፀሐይ እያተነነው ነው። እኔ የሠራሁት ግን መግቢያ ብቻ ያለው፣ ፀሐይም የሌለው ነበር። ስልክ ቁጥሮቹን አነሳሁ፤ የኤፒአዩን ስም፣ የጥያቄውን ዓይነትና የመልሱን ኮድ ብቻ አስቀረሁ። መለኪያውንም ወደ ሌላ ማሽን አዛወርኩት። የሰው ስልክ ቁጥር ድሮም መለኪያ ላይ የሚለጠፍ ነገር አልነበረም።

አክስቴ «የሚብሰው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ነው» ብላኝ ነበር። ግራፉ ላይ 3 ሰዓትን ፈለግኩ፣ ጸጥ ያለ ነው። 9 ሰዓትን አየሁ፣ እሱም ደህና። ግማሽ ቀን ካለፈ በኋላ መሣሪያው በዓለም አቀፉ ሰዓት እንደሚያሳይ ትዝ አለኝ፤ የእሷ 3 ሰዓት እዚያ 6 ሰዓት ነው። እዚያ ላይ እውነትም ጉብታ አለ! 99ኛው ፐርሰንታይል 6 ሰከንድ ደርሷል። ዳታቤዙ ውስጥ ስገባ ያገኘሁት ነገር አሳዘነኝ። ገጹ ሲከፈት የባለሱቁን የድሮ ትእዛዝ በሙሉ ያለ ኢንዴክስ፣ ማለትም ያለ ማውጫ፣ ያገላብጣል። ብዙ የሚገላበጥለት ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አብሮን ያለው ደንበኛ ነው። አዲሱ ሰው ወዲያው ያልፋል፤ ታማኙ ይጠብቃል። ኢንዴክሱ ሲጨመር 6ቱ ሰከንድ ወደ 0.4 ወረደ።

ደስ ብሎኝ ደወልኩላት። «ተሽሎታል፣ አብሽር» አለችኝ። በድምጿ ግን አልተሻለውም።

በማግስቱ ወደ ውጫሌ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ሹፌሩ የከፈተው ዘፈን የአገሩን ስም በያዘው ቅኝት ነበር። አምባሰል ቅኝት በ5 ድምፅ ብቻ ይህን ሁሉ ናፍቆት ይሸከማል። የጉግል መሐንዲሶችም በ2016 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ 4 ነገር ለኩ ይላሉ፤ የሚፈጀውን ጊዜ፣ የጥያቄውን ብዛት፣ ስህተቱንና የአቅሙን መሙላት። ጥቂቱን በደንብ መያዝ ብዙውን ከመሰብሰብ እንደሚሻል ዓለቱ ላይ ተምሬዋለሁ።

ውጫሌ ደርሼ ከአክስቴ ጎን በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ገጹን ስትከፍት የስልኬን ሰዓት አስነሳሁ። 12 ሰከንድ! ላፕቶፔ ላይ ያው ሰርቨር 0.1፣ 0.1፣ 0.1 እያለ ይመዘግባል። አንድ በአንድ ቆጠርኳቸው፤ አንዱን ገጽ ለመሙላት 23 ጥያቄ ይላካል፣ እያንዳንዱም የፊተኛውን መልስ ይጠብቃል። እዚያ ኔትወርክ አንዱ ደርሶ ለመመለስ ግማሽ ሰከንድ ይፈጅበታል። ሰርቨሩ 23 ጊዜ «ፈጥኛለሁ» ብሎ ጻፈ፤ እሷ 12 ሰከንድ ቆመች። ሁለቱም እውነት ናቸው።

የተቀመጥኩባት ከተማ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል የተፈረመባት ናት። በአማርኛው ግልባጭ አንቀጽ 17 ምኒልክ ቢፈልጉ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በኢጣሊያ በኩል መጻጻፍ ይችላሉ ሲል፣ የኢጣልያንኛው ግዴታ አደረገው። አለመግባባቱ እስከ ዓድዋ አደረሰ። የእኔ ነገር ከዚያ ጋር በክብደት አይወዳደርም። ነገር ግን አንድ ጉዳይ ሁለት ግልባጭ ካለው ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማንበብ እንደሚገባ ከዚያ በላይ የሚያስተምር ቦታ አላውቅም። እኔ እስከዚያ ቀን የሰርቨሩን ግልባጭ ብቻ ነበር የማነበው።

23ቱን ጥያቄ በአንድ ጠቀለልናቸው። ገጹ ራሱም በደንበኛው ስልክ ላይ ተከፍቶ እስኪያልቅ የፈጀውን ጊዜ እየለካ እንዲልክልን አደረግን። ዳሽቦርዳችን ላይ የላይኛው መስመር አሁን እሱ ነው፤ የሰርቨሩ ከሥር ነው።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። ደንበኛ ዝም ያለበት አፕሊኬሽን ግን ከውስጥ ሲነቅዝ አይቻለሁ። የማያማርር ሰው መብት አለው፤ መብቱንም የሚናገርለት በትክክል የተቀመጠ መለኪያ ነው። ስለዚህ በየጠዋቱ፣ በአክስቴ 3 ሰዓት፣ ያን መስመር አያለሁ።

የተስተካከለው ገጽ በወጣ ቀን ደወልኩላት። የዘይቱን ትእዛዝ እያወራችኝ ጨረሰችው። «እሺ ልጄ፣ ሌላስ?» አለችኝ። አብሽር አላለችኝም።